"ይፋ ማድረግ" በእንግሊዝኛ፦ አናውንስ፣ ዲክሌር፣ ሪሊዝ፣ ዲስክሎዝ... የቱን የት እንደምንጠቀም

ሀዋሳ ውስጥ የጽህፈትና የትርጉም ስራ ነው የምሰራው፣ የሚመጣልኝ ወረቀት ደብዳቤ፣ ቫኬንሲ፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ የማህበር መግለጫ ምናምን ነው። ሰው አማርኛውን ይዞ ይመጣና ወደ እንግሊዝኛ መልስልኝ ይላል፣ ወይ ደሞ ራሱ ጽፎት አንዴ እይልኝ ይላል። እና ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ነገር ቢኖር "አናውንስ" የሚለው ቃል ነው። ሁሉም ነገር አናውንስ ነው፣ ውጤት አናውንስ፣ መጽሄት አናውንስ፣ ሚስጥር አናውንስ፣ ምርቃት አናውንስ። ምክንያቱ ይገባኛል፣ በአማርኛ "ይፋ አደረገ" ወይ "አሳወቀ" ካልን ለሁሉም ይሆንልናል፣ ሰሚው የቀረውን ከነገሩ ይረዳዋል። እንግሊዝኛው ግን ለየአንዳንዱ የራሱን ቃል ይዟል፣ ቃሉን ስትቀይሩት ታሪኩም አብሮ ነው የሚቀየረው። አንድ ማህበር የዓመቱን ሂሳብ "ሪቪል" አደረግን ብሎ ቢጽፍ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው የሚያስበው እስከዛሬ ደብቀውት ኖረዋል ማለት ነው ብሎ ነው፣ ማህበሩ ግን ምንም አልደበቀም፣ ሂሳቡን በሰዓቱ ነው ያወጣው። በአንድ ቃል ስም ይጎዳል፣ ለዛ ነው ይሄን መጻፍ የፈለግኩት።

ቃል ከመምረጣችሁ በፊት ሶስት ነገር ጠይቁ። ነገሩ እስካሁን ተደብቆ ነበር ወይስ ዝም ብሎ ገና ያልተነገረ ነው? መናገሩ በራሱ ነገሩን ያመጣዋል ወይስ የሆነውን ነው የሚያወራው? ሰው እጅ የሚገባ ነገር አለ ወይ፣ ማለቴ ወረቀት፣ ፋይል፣ መጽሄት፣ ዘፈን፣ ወይስ ወሬው ብቻ ነው? ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከነዚህ ሶስቱ ነው የሚወጣው።

ከአናውንስ እንጀምር። አናውንስ ወሬ ነው፣ ሰው ገና የማያውቀውን ነገር ብዙ ሰው እንዲሰማው በይፋ መናገር። ነገሩ የግድ የተደበቀ አይደለም፣ ጊዜው ስላልደረሰ ነው ያልተነገረው። ስሩ ላቲን ሲሆን መልእክተኛ ከሚለው ቃል ነው የመጣው፣ ቅዱስ ገብርኤል ለእመቤታችን ያበሰራትን ብስራት እንግሊዝኛው "አናንሲዬሽን" የሚለው ከዚሁ ስር ስለሆነ ነው። ስለዚ አናውንስ ስትሉ መልእክት ይዞ የመጣ ሰው አስቡ።

እዚሁ ሲዳማ ውስጥ ጥሩ ምሳሌ አለ። ፊቼ ጨምበላላ በየዓመቱ በአንድ ቀን የሚውል በዓል አይደለም፣ አያንቶ የሚባሉት የኮከብ አዋቂዎች ሰማዩን አይተው ቀኑን ይቆጥራሉ፣ ከዛ ቀኑ ለየጎሳው ይነገራል፣ ህዝቡም ዝግጅቱን ይጀምራል። ይሄ ንጹህ አናውንስ ነው፣ ቀኑን ማንም ሰው አልሸሸገውም፣ ግን እስኪነገር ድረስ ማንም በእርግጠኝነት አያውቀውም። ስለ ፊቼ በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ልጆች፣ በዓሉ እ.ኤ.አ በ2015 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ብዙ ሰው ይጽፍበታል፣ "ዘ ዴት ኢዝ አናውንስድ" በሉ፣ "ሪቪልድ" ካላችሁ ሽማግሌዎቹ ሚስጥር እንዳወጡ ይመስላል፣ "ፐብሊሽድ" ካላችሁ ደሞ በወረቀት እንደተለጠፈ።

ሌላ የሀዋሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው፦ የሲዳማ ህዝበ ውሳኔ ህዳር 10 ቀን 2012 ተካሄደ፣ ምርጫ ቦርድ ደሞ ህዳር 13 ውጤቱን ተናገረ፣ 98.5 በመቶው ክልል መሆኑን ደገፈ። ቦርዱ ምን አደረገ? ውጤቱን አናውንስ አደረገ። ክልሉ ግን በዛች ቀን አልተፈጠረም፣ የስልጣን ርክክቡ የተደረገው ሰኔ 2012 ነው። ይሄን ልዩነት ያዙት፣ ምክንያቱም ወደሚቀጥለው ቃል የሚወስደን እሱ ነው።

ዲክሌር። እዚህ ጋ ሁለተኛው ጥያቄ ነው የሚሰራው። ዲክሌር የሚያደርግ ሰው ስልጣን አለው፣ ከአፉ ሲወጣ ነገሩ ሆነ ማለት ነው። ጦርነት ዲክሌር ይደረጋል፣ ነጻነት ዲክሌር ይደረጋል፣ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ በ1776 ያወጡት ሰነድ ስሙም ዲክላሬሽን ነው። ዳኛ አሸናፊውን ዲክሌር ያደርጋል፣ ፍርድ ቤት አንድን ድርጅት ከሰረ ብሎ ዲክሌር ያደርጋል፣ የህገ መንግስታችን አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜን ጉዳይ በእንግሊዝኛው "ዲክላሬሽን" ብሎ ነው የጻፈው። ስሩ "ክሊር" ከሚለው ጋር አንድ ነው፣ ግልጽ ማድረግ፣ ጥርጥር እንዳይኖር ማድረግ። ጉምሩክና ታክስ ላይ የገባውም በዚሁ መንገድ ነው። መኪና ያስመጣ ሰው "ዲክላራሲዮን" ሲል፣ ነጋዴ "የወሩን ቫት ዲክሌር አደረግኩ" ሲል፣ ያለኝ ይሄ ነው ብዬ በፊርማዬ አረጋግጬ ሰጠሁ፣ ሀሰት ሆኖ ቢገኝ እጠየቅበታለሁ ማለቱ ነው። ቃሉን ሁላችንም አፋችን ላይ አለን፣ ደብዳቤ ላይ ስንጽፈው ነው ክብደቱን የምንረሳው። "የማህበሩ ስብሰባ ቅዳሜ መሆኑን ዲክሌር እናደርጋለን" የሚል ወረቀት ደርሶኝ ያውቃል፣ ይሄ በእንግሊዝኛ ሲነበብ ቤተ መንግስት የጻፈው ይመስላል። ለስብሰባ አናውንስ ይበቃል፣ እንደውም "ዘ ሚቲንግ ዊል ቢ ሄልድ" ብላችሁ ግሱን ጭራሽ ብትተዉት የተሻለ ነው።

ፕሮክሌይም የዲክሌር ታላቅ ወንድም ነው፣ ስሩ መጮህ ማለት ነው። እኛ ጋ ደሞ ለዚህ ከማንም የበለጠ ምስል አለን፦ ነጋሪት ይጎሰማል፣ አዋጅ ነጋሪው ገበያ መሀል ቆሞ "አዋጅ አዋጅ የደበሎ ቅዳጅ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ይላል። አጼ ምኒልክ በመስከረም 1888 ለአድዋ ያወጁት ክተት አዋጅ በእንግሊዝኛ ፕሮክላሜሽን ነው የሚባለው፣ ሊንከን እ.ኤ.አ በ1863 ባሪያዎች ነጻ ይውጡ ያለበትም እንደዚሁ። ከ1934 ዓ.ም ጀምሮ ህጋችን የሚታተምበት ጋዜጣ ስሙ "ነጋሪት ጋዜጣ" መሆኑ ራሱ የሚገርም ነው፣ ከበሮው ወረቀት ሆነ ማለት ነው። የፌደራሉ ነጋሪት ጋዜጣ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ነው፣ በህገ መንግስቱ አንቀጽ 71 ደሞ ፕሬዝዳንቱ ምክር ቤቱ ያጸደቃቸውን ህጎች በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃል ይላል፣ እንግሊዝኛው "ፕሮክሌይም" ነው የሚለው።

ለትርጉም ስራ የሚጠቅማችሁ ይሄ ነው፦ በአማርኛ "አዋጅ" አንድ ቃል ሆኖ በእንግሊዝኛ ሁለት ቦታ ይከፈላል። የህጉ ስም ሲሆን ፕሮክላሜሽን ነው፣ "አዋጅ ቁጥር እንትን" ካለ ሁልጊዜ ፕሮክላሜሽን፣ ደንብ ሬጉሌሽን፣ መመሪያ ዳይሬክቲቭ። አንዳንዱ ተርጓሚ ለውጭ ሰው እንዲገባው ብሎ "አክት" ይለዋል፣ እንግሊዝ አገርና አሜሪካ የፓርላማ ህግ አክት ስለሚባል ማለት ነው፣ ግን እንደዛ አታድርጉ፣ የህጉን ስም ቀይራችሁ ሰውየው ፈልጎ አያገኘውም። ድርጊቱ ሲሆን ግን፣ ማለትም "መንግስት የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ" ሲሆን፣ ዲክሌርድ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱም ሊመጡ ይችላሉ፣ ዲክሌር የተደረገው በፕሮክላሜሽን ነው። ፕሮሙልጌት የሚል ቃልም ታገኛላችሁ፣ ህግን በስርዓቱ አውጥቶ ስራ ላይ እንዲውል ማሳወቅ ነው፣ ከህግ ጽሁፍ ውጪ አትጠቀሙት።

አሁን ወደ ሶስተኛው ጥያቄ፣ እጅ የሚገባ ነገር። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚወጣ ቀን አስቡ። ልጆቹ ምን ይላሉ? "ሪዛልት ተለቀቀ!" ይላሉ፣ እና ትክክል ናቸው፣ እንግሊዝኛውም ሪሊዝ ነው። ሪሊዝ ማለት ተይዞ የነበረን ነገር መልቀቅ ነው፣ እስረኛ ሲለቀቅም ሪሊዝ ነው፣ የግድብ ውሃ ሲለቀቅም ሪሊዝ ነው፣ አልበምም ሶፍትዌርም እንደዛው። ተዘጋጅቶ ያለቀ፣ አንድ አካል ጋ ያለ፣ ቀኑ ሲደርስ የሚለቀቅ። ስለዚ ሚኒስቴሩ ጠዋት መግለጫ ሰጥቶ ይሄን ያህል ተማሪ አልፏል ካለ አናውንስ አደረገ፣ ማታ ዌብሳይቱ ተከፍቶ እያንዳንዱ ልጅ ቁጥሩን አስገብቶ ውጤቱን ካየ ሪሊዝ ተደረገ። በአንድ ቀን ሁለት ነገር ነው የሆነው፣ ሁለቱን በአንድ ቃል ከጻፋችሁ አንባቢው ልጁ ውጤቱን ይይ አይይ አያውቅም። ተራ ወሬ ላይ ደሞ "ዘ ሪዛልትስ አር አውት" በሉ፣ እኛ "ውጤት ወጣ" እንደምንለው ቁጭ ነው፣ ለቴሌግራም ይሄ ይበልጣል።

ፐብሊሽ ጽሁፍ ነው፣ ወይ ታትሞ ወይ ኦንላይን ተለጥፎ ማንም እንዲያነበው የሆነ። ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያለ ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል፣ "ፐብሊኬሽን አለህ ወይ" የሚለው ጥያቄ ማደግና አለማደግን የሚወስን ነው። ሰው ግን ፐብሊሽን ከፐብሊሳይዝ ጋር በጣም ይቀላቅለዋል። ፐብሊሳይዝ ማስተዋወቅ ነው፣ ብዙ ሰው እንዲያውቀው ወሬውን መርጨት። ስልጠና አዘጋጅታችሁ በባነር፣ በሬዲዮ፣ በባጃጅ ላይ ስፒከር አስራችሁ ከተማውን ካዞራችሁ ስልጠናውን ፐብሊሳይዝ አደረጋችሁ፣ ስልጠና ፐብሊሽ አይደረግም፣ የስልጠናው ማንዋል ነው ፐብሊሽ የሚደረገው።

ኢሹ ደሞ የመስሪያ ቤት ቃል ነው፣ መግለጫ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ሰርኩላር፣ ፈቃድ፣ ፓስፖርት፣ ሁሉም ኢሹ ይደረጋል። መግለጫ "አወጣ" ሲባል ኢሹድ ኤ ስቴትመንት፣ "ሰጠ" ሲባል ደሞ እየተናገረ ከሆነ ጌቭ ኤ ስቴትመንት። ጨረታ ስታወጡ "ፍሎት" የሚል እኛ አገር ተለምዷል፣ ስህተት አይደለም፣ ርእሱ ላይ ግን "ኢንቪቴሽን ቱ ቢድ" ብላችሁ ጻፉት፣ ጋዜጣ ላይም የምታዩት እሱን ነው።

ከሁሉም በላይ ጠንቀቅ እንድትሉ የምፈልገው የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው፣ የተደበቀና ያልተደበቀ ነገር ላይ። እዚህ ጋ ስትሳሳቱ ሰው ነው የሚጎዳው።

ሪቪል መጋረጃ መግለጥ ነው፣ ከኋላው የነበረው ድንገት ይታያል። ዲስክሎዝ ደሞ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ የማውቀውን፣ የያዝኩትን መረጃ አውጥቼ ሰጠሁ፣ ብዙ ጊዜም ህግ ወይ ውል ስለሚያስገድደኝ። በ2002 የወጣው የባለስልጣናት ሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ፣ ቁጥር 668፣ በእንግሊዝኛው ዲስክሎዠር የሚለውን ነው ርእሱ ላይ ያስቀመጠው። ለምን ሪቪል አላለም? ሪቪል ቢል ሰውየው ሀብት ሸሽጎ ኖሮ ተጋለጠ ማለት ይሆናል፣ ዲስክሎዝ ግን ግዴታውን ተወጣ ነው። አክሲዮን ገበያም ውስጥ ይሄ ቃል አሁን አገራችን ገብቷል፣ ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለህዝብ ሲያቀርብ ገዢው አንብቦ እንዲወስን ፕሮስፔክተስ፣ ማለትም ስለ ድርጅቱና ስለ አክሲዮኑ የሚያስረዳ ሰነድ፣ አብሮ ወጥቶ ነበር፣ በንግድ ቋንቋ እንዲህ ያለው መረጃ መስጠት ዲስክሎዠር ነው የሚባለው። ስለዚ ኤንጂኦ ወይ ህብረት ስራ ማህበር ውስጥ ያላችሁ ሰዎች የሂሳብ ሪፖርት ላይ "ዊ ዲስክሎዝ" ወይ "ዊ ፐብሊሽ" በሉ፣ ሪቪልን ለጋዜጠኛ ተዉለት።

ኤክስፖዝ ከሪቪልም ይከፋል፣ የሰው ጥፋት ማጋለጥ ነው፣ ክስ አለበት። ዲቫልጅ ደሞ አደራ የተባለን ነገር መናገር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአሉታ ነው የሚመጣው፣ ሀኪም የታካሚውን ነገር ዲቫልጅ አያደርግም፣ ባንክ የደንበኛውን ሂሳብ ዲቫልጅ አያደርግም። የስራ ውል ላይ "ሻል ኖት ዲቫልጅ" የሚል ካያችሁ የመስሪያ ቤቱን ሚስጥር ለማንም አታወራም ማለት ነው፣ እሱን አንብባችሁ ነው መፈረም ያለባችሁ።

ሊክ ላይ አማርኛችን ጎበዝ ነው፣ "ሾልኮ ወጣ"፣ "አፈትልኮ ወጣ" እንላለን፣ ልክ እንደ እንግሊዝኛው ውሃ ከቀዳዳ እንደሚያፈስ። ሊክ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ነው። በግንቦት 2008 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ከመሰጠቱ በፊት ሶሻል ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዞ ነበር፣ ያኔ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ዜና ሁሉ "ሊክድ" ነው ያለው፣ ሪሊዝድ ወይ ፐብሊሽድ ቢል ሚኒስቴሩ ራሱ አወጣው ማለት ይሆን ነበር። በሁለቱ መሀል ያለው ፈቃድ ነው፣ የሚጣራውም እሱ ነው፦ ያወጣው ባለቤቱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? ይሄን ሳታውቁ ሊክድ ብላችሁ አትጻፉ፣ ሰው ላይ ወንጀል እየለጠፋችሁ ሊሆን ይችላል።

ምርቃትና ማስጀመር ላይ ደሞ ሌላ ውዥንብር አለ፣ ሎንች፣ ኢናውጉሬት፣ አንቬይል። ለዚህ ከህዳሴ ግድብ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ግድቡ መጀመሪያ ላይ "ፕሮጀክት ኤክስ" በሚል ስም በሚስጥር ነበር የተያዘው፣ ስለዚ ለህዝብ ሲነገር ሪቪል ማለትም ይቻላል፣ በእውነት ተሸፍኖ ነበርና። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሰረት ድንጋይ ተጣለ፣ ስራው ሎንች ተደረገ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ደሞ ተመረቀ፣ ኢናውጉሬት ተደረገ። በአንድ ግድብ ላይ ሶስት ግስ፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መሀል ደሞ 14 ዓመት። ሎንች መጀመሪያ ነው፣ ኢናውጉሬት ያለቀ ነገር በስነ ስርዓት መክፈት ነው። የእኛው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ኢናውጉሬትድ ነው የተባለው። አንቬይል ጨርቁን መግፈፍ ነው፣ ሀውልት፣ ሎጎ፣ አዲስ የመኪና ሞዴል፣ የሚታይ ነገር ሲሆን። ብዙ ሰው "ላውንች" ብሎ ነው የሚጠራው፣ ድምጹ ወደ "ሎንች" ይጠጋል፣ "ላንች" ካላችሁ ግን ምሳ ሆነ።

"ማስታወቂያ" የሚለው ላይ ትንሽ ቆይታ ላድርግ፣ ምክንያቱም ከወረቀት ስራ ግማሹ እሱ ነው። አማርኛው ለሶስት የእንግሊዝኛ ቃል ነው የቆመው። እቃ ወይ አገልግሎት ለመሸጥ ከሆነ አድቨርታይዝመንት ነው። ሰው ማድረግ ያለበትን ወይ ማወቅ ያለበትን የሚናገር ከሆነ፣ ውሃ ይቋረጣል፣ ቢሮ ቀይረናል፣ እዚህ መኪና ማቆም ክልክል ነው፣ ኖቲስ ነው። ዜና ከሆነ፣ አዲስ ስራ አስኪያጅ ተሾመ፣ አዲስ ቅርንጫፍ ተከፈተ፣ አናውንስመንት። የስራ ማስታወቂያ እኛ አገር "ቫኬንሲ አናውንስመንት" ነው የሚባለው፣ ይሁን፣ ለምዶብናል፣ ሰውም ይረዳዋል።

አንድ ወረቀት አብረን እንየው። አማርኛው እንዲህ ይላል እንበል፦ "ድርጅታችን ቢሮውን ከፒያሳ ወደ አቶቴ መቀየሩን ለክቡራን ደንበኞቹ በታላቅ ደስታ ያሳውቃል።" ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ትርጉም "አወር ኦርጋናይዜሽን አናውንስስ ቱ ኢትስ ኦነረብል ከስተመርስ ዊዝ ግሬት ሃፒነስ" እያለ ይሄዳል። አማርኛው ላይ ክብርና ደስታው ተገቢ ነው፣ እንዲህ ካላልን ሰው ያቃለልነው ይመስለዋል። እንግሊዝኛው ላይ ግን "ኦነረብል" የዳኛና የፓርላማ ሰው ማእረግ ነው፣ ደንበኛ "ቫልዩድ" ነው የሚባለው፣ "በታላቅ ደስታ" ደሞ "ፕሊዝድ" በሚል አንድ ቃል ያልቃል። እኔ የማደርገው "ዊ አር ፕሊዝድ ቱ አናውንስ ዛት አወር ኦፊስ ሃዝ ሙቭድ ፍሮም ፒያሳ ቱ አቶቴ" ነው፣ ከዛ በሚቀጥለው መስመር አድራሻና ስልክ። በሩ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ግን ኖቲስ ነው የሚሆነው፣ ያኔ "ዊ ሃቭ ሙቭድ" ብሎ በትልቁ፣ ከስሩ አድራሻ፣ በቃ። በር ላይ የሚያነብ ሰው ባጃጅ አስቁሞ ነው የሚያነበው፣ ደስታችሁን የሚሰማበት ጊዜ የለውም።

ሰዋስው ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ እሱን ካስተካከላችሁ ከስህተታችሁ ግማሹ ይጠፋል። በአማርኛ "አሳወቀን" ስንል ሰውዬው ግሱ ውስጥ ገብቷል፣ "ለእኛ አሳወቀ" ስንልም "ለ" አለ፣ ሁለቱም ልክ ነው። እንግሊዝኛ ግሶቹን ሁለት ቡድን አድርጎ ነው የሚይዛቸው። ኢንፎርም፣ ኖቲፋይ፣ ቴል ሰውዬውን ቀጥታ ነው የሚይዙት፣ መሀል ላይ "ቱ" አይገባም፣ "ኢንፎርም ዩ" እንጂ "ኢንፎርም ቱ ዩ" የለም። አናውንስ፣ ዲስክሎዝ፣ ሪቪል፣ ዲክሌር ደሞ መጀመሪያ ወሬውን ነው የሚይዙት፣ ሰው ካለ በ"ቱ" ይከተላል፣ "አናውንስ ዘ ሪዛልት ቱ ዘ ስቱደንትስ"። "አናውንስ ዩ" ካላችሁ ትርጉሙ ጭራሽ ሌላ ነው፣ በድግስ ላይ እንግዳ ሲገባ በር ላይ ቆሞ ስሙን መጥራት ማለት ነው። አናውንስ "አባውት"ም አይወድም፣ "አናውንስ አባውት ዘ ሚቲንግ" አትበሉ፣ "አናውንስ ዘ ሚቲንግ" በሉ። "ዚስ ኢዝ ቱ ኢንፎርም" እያለ የሚጀምረው የእኛ የደብዳቤ ልማድ ልክ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ግን ማንን እንደሆነ ተናገሩ፣ "ዚስ ኢዝ ቱ ኢንፎርም ኦል ሜምበርስ ዛት"፣ ኢንፎርም ሰው ሳይዝ ሲቀር ግማሽ ሆኖ ነው የሚቀረው። ኖቲፋይ ከኢንፎርም ይጠነክራል፣ በህግ ደርሶሃል፣ አልሰማሁም ማለት አትችልም እንደማለት ነው፣ ለኪራይ ማቋረጫ፣ ለውል ማፍረሻ፣ ለመጥሪያ ይሄን ተጠቀሙ።

መጥፎ ዜና ላይ ግን ሁላችንም እንጠንቀቅ። በአማርኛ ለደስታ ማብሰር አለን፣ ለሀዘን ማርዳት አለን፣ መርዶ ደሞ ስርዓት አለው፣ ጎረቤትና ዘመድ ተጠርቶ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ትልቅ ሰው ከፊት ሆኖ። ልጇ ውጭ አገር የሞተባትን እናት የሚመለከት ደብዳቤ ስትተረጉሙ አናውንስ አትበሉ፣ እንግሊዝኛውም ለዚህ የራሱ አባባል አለው፣ "ብሬክ ዘ ኒውስ" ይላል፣ አጠገብ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ መንገር ማለት ነው። ቤተሰቡ ከተረዳ በኋላ በጋዜጣ ወይ በፌስቡክ ለህዝብ ሲወጣ ያኔ አናውንስ ይሆናል፣ "ዊዝ ዲፕ ሳሮው ዊ አናውንስ ዘ ፓሲንግ ኦፍ"። ቅደም ተከተሉን እንግሊዝኛውም እኛም እናከብረዋለን፣ መጀመሪያ ብሬክ፣ ከዛ አናውንስ። "ብሬኪንግ ኒውስ" የሚለው ግን ሌላ ነው፣ እሱ ትኩስ ዜና ማለት ነው፣ ለግለሰብ ሀዘን አይሆንም። ስራ አመልክቶ ላላለፈ ሰው ደሞ "ዊ ሪግሬት ቱ ኢንፎርም ዩ" ነው፣ አጭር አድርጉት፣ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም።

ብሮድካስት በሬዲዮና በቲቪ ማስተላለፍ ነው፣ ያለፈ ጊዜውም ያው ብሮድካስት ነው፣ አይቀየርም። ግብርና የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጤፍ በመስመር ሳይሆን በእጅ እየተበተነ ሲዘራ ብሮድካስቲንግ ይባላል፣ ሬዲዮው ቃሉን የወሰደው ከዘሩ ነው። ፖስት፣ ሼር፣ ላይቭ መግባት ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ፕሬስ ሪሊዝ የምትጽፉ ካላችሁ፣ ከላይ "ፎር ኢሚዲየት ሪሊዝ" ካለ ጋዜጠኛው አሁኑኑ ማውጣት ይችላል፣ "ኢምባርጎድ አንቲል" ካለ ደሞ እስከዛ ሰዓት ይዞ ይቆያል። እዚህ ጋ ቀንና ሰዓቱን አደራ። "ሰኞ 3 ሰዓት" ብላችሁ ወደ እንግሊዝኛው 3 ብላችሁ ከገለበጣችሁት የውጭ ጋዜጠኛው ወይ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያወጣዋል ወይ ከሰዓት 9 ሰዓት ድረስ ይጠብቃል፣ እናንተ ግን ጠዋት ማለታችሁ ነበር፣ በነሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት ጠዋት ነው። ስለዚ 6 ሰዓት ጨምሩ ወይ ቀንሱ፣ ጠዋት ወይ ማታ መሆኑን ጻፉ፣ ዓመቱንም ወደ እነሱ አቆጣጠር ቀይሩ፣ ከመስከረም 1 እስከ ታህሳስ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዛ ወዲህ ደሞ 8 ዓመት ነው የሚጨመረው፣ ከጎኑም "ኢስት አፍሪካ ታይም" የሚል ጨምሩበት።